የቋሊማ መለያ ማሽን ሥጋው ላይ እየቆረጠ ካስቸገራችሁ፦ ከተከላ እስከ ጽዳት

የቋሊማ መለያ ማሽን በሰንሰለት የተያያዘውን ቋሊማ ጥምዙ ላይ፣ ማለትም በሁለት ቋሊማ መሃል በተጠመዘዘው አንጀት ላይ እየቆረጠ አንድ በአንድ የሚለይ ማሽን ነው። ስለ እሱ ከደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ሲና፣ አልፎ አልፎም ከሸዋ ሮቢት የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ማሽኑን ገዛን፣ አስተከልን። ቋሊማውን ግን ጥምዙ ላይ ሳይሆን ሥጋው ላይ ይቆርጥብናል። ምላጭ ቀየርን፣ አሁንም ያው ነው። ምን ይሻላል?» ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከምመልስ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው፦ ምላጩን ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ ጥምዙን እዩ። ቀጥሎ የቋሊማውን ቅዝቃዜ፣ ከዚያ የቤልቱን ፍጥነት። ምላጭ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ማሽኑ የሚቆርጠው ያቀረባችሁለትን ነው፤ የላላ ጥምዝ ካገኘ የትኛውም ምላጭ አያድነውም።

ረጅሙ መልስ ከታች አለ። በቅደም ተከተል ሂዱ። አንዱን ደረጃ ዘላችሁ ወደ ሌላው ካለፋችሁ ችግሩ ከየት እንደመጣ መለየት ያቅታችኋል።

መመሪያው በተፈጥሮ አንጀት ወይም በኮላጅን ሽፋን ተሞልቶ፣ እየተጠመዘዘ በሰንሰለት ለሚሠራ ቋሊማ ነው። የሴሉሎስ ሽፋን ተልጦ የሚጣል ስለሆነ ማሽኑም ሌላ ነው፤ እዚህ አልገባበትም።

ከዚህ በኋላ «ፍሬ» የምለው አንዱን ቋሊማ ነው። «ጥምዝ» በሁለት ፍሬ መሃል ያለው የተጠመዘዘ አንጀት ነው። «ጭራ» ደግሞ ከተቆረጠ በኋላ ጫፉ ላይ የሚቀረው ትርፍ።

ማሽኑ እንዴት ይሠራል

መልኩ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ሥራው ግን ተመሳሳይ ነው። ሁለት ቤልቶች ሰንሰለቱን መሃል ይዘው ወደፊት ይስባሉ። መንገዱ ላይ ሴንሰር አለ። አንዳንዱ ሴንሰር በብርሃን ይሠራል፦ ወፍራሙ ፍሬ ብርሃኑን ይጋርዳል፣ ቀጭኑ ጥምዝ ሲደርስ ብርሃኑ ያልፋል። አንዳንዱ ደግሞ ቋሊማው ላይ ተደግፎ ከፍ ዝቅ የሚል ትንሽ ክንድ አለው፤ ጥምዙ ላይ ሲደርስ ክንዱ ይወርዳል። ሴንሰሩ ጥምዝ ሲያገኝ መቆጣጠሪያው ጥቂት ይጠብቅና ምላጩን ያዛል። መጠበቅ ያስፈለገው ሴንሰሩና ምላጩ አንድ ቦታ ላይ ስላልሆኑ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ ደረጃ 7 ላይ እንመለስባታለን።

ማሽናችሁ ባለ አንድ ምላጭ ከሆነ ጥምዙን መሃል ላይ ይቆርጣል፤ ለሁለቱም ፍሬ ትንሽ ጭራ ይቀራል። ባለ ሁለት ምላጭ ከሆነ ጥምዙን ከሁለት በኩል ቆርጦ መሃሉን ይጥላል። ጫፉ ያምራል፣ ግን ረዘም ያለ ጥምዝ ይፈልጋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ማሽኑና የአምራቹ ማንዋል። ያገለገለ ማሽን ከሆነ ማንዋሉን ሳትቀበሉ ገንዘብ አትክፈሉ።
- ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚይዝ ቀዝቃዛ ክፍል ወይም ፍሪጅ
- ሥጋ ውስጥ የሚሰካ ቴርሞሜትር
- ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ)
- ቴስተር (ቮልት መለኪያ)
- ማሽኑ ሶስት ፌዝ ከሆነ የፌዝ መቆጣጠሪያ ሪሌይ
- ማሽኑ በአየር የሚሠራ ከሆነ ኮምፕሬሰር ከነማጣሪያውና ከነውሃ ማስወገጃው
- ትርፍ ምላጭና ትርፍ ቤልት
- ለምግብ ማሽን የተፈቀደ ዘይትና ግሪስ፤ ዕቃው ላይ «ኤች 1» የሚል ምልክት አለው
- መቆረጥ የሚከላከል ጓንት
- ለስላሳ ብሩሽ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ በረኪና
- ለብሬከሩ የሚሆን ጓጉንቸር
- ደብተርና እስክሪብቶ

ደብተሩን አትናቁት። በየቀኑ የሠራችሁበትን ፍጥነት፣ የቤልት ክፍተትና የቋሊማ ውፍረት ካልጻፋችሁ በየጠዋቱ ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ማሽኑን ከመንካታችሁ በፊት

ማሽኑን ስትከፍቱ ብሬከሩን አውርዱ፣ በጓጉንቸር ቆልፉት፣ መክፈቻውን ኪሳችሁ ክተቱ። ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ ሌላ ሰው ሳያውቅ ሊያበራው ይችላል።

በአየር የሚሠራ ከሆነ የአየር መስመሩን ዘግታችሁ ውስጡ የቀረውን አስተንፍሱ። ኮረንቲ ጠፍቶም የታመቀ አየር ምላጩን አንዴ ሊያስፈነጥረው ይችላል። የሚሽከረከር ምላጭም ወዲያው አይቆምም። ዓይናችሁ መቆሙን እስኪያይ ድረስ ክዳን አትክፈቱ።

ክዳኑ ሲከፈት ማሽኑን የሚያቆም ማብሪያ ማጥፊያ አለ። እሱን በማግኔት ወይም በሽቦ አታልሎ መሥራት የተለመደ ነው፣ ግን ጣት የሚያስቆርጠው እሱ ነው። በጭራሽ አታድርጉት።

መቆረጥ የሚከላከል ጓንት የሚደረገው ማሽኑ ቆሞ፣ ተቆልፎ፣ ምላጭ ሲነሳ ብቻ ነው። የሚዞር ነገር አጠገብ ጓንት እጅን ይዞ ይገባል። ብርዱን ፈርቶ ጋቢ ወይም ፎጣ ደርቦ ማሽን ላይ የሚቆም ሠራተኛ በእኛ አገር ብዙ ነው። ከውስጥ ሹራብ ይልበስ፣ ከላይ ግን እጅጌው ጠበብ ያለ ጋውን ብቻ ይሁን።

መብራት ሲሄድ ዋናውን ማጥፊያ ወዲያው አጥፉ። መብራት ሲመጣ ማሽኑ ራሱ እንዳይነሳና እጁን የከተተ ሰው እንዳይጎዳ ነው።

ደረጃ 1፦ ኮረንቲውንና አየሩን ከከፍታው ጋር አስተካክሉ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሻጩ ይህን ላያውቅ ይችላል፤ እናንተ ንገሩት። መደበኛ ሞተርና ኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው መሣሪያ) በሙሉ አቅማቸው እንዲሠሩ የሚታሰበው እስከ 1,000 ሜትር ባለው ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀቱን ይዞ አይሄድም። ለኢንቨርተር የተለመደው ሒሳብ ከ1,000 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር 1 በመቶ አቅም መቀነስ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 18 በመቶ ይመጣል። ስለዚህ በአቅሙ ጠርዝ ላይ የሚሠራ ኢንቨርተር አትውሰዱ፤ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ጠይቁ።

ኮምፕሬሰርም እንደዚሁ ነው። በዚህ ከፍታ የሚስበው አየር ከባሕር ወለሉ በ30 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ታንከሩን ለመሙላት ረጅም ጊዜ ይፈጃል። «ማሽኑ ሥራ ስንጀምር ደህና ነው፣ ቆይቶ ምላጩ ይደክማል» የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ጊዜ ችግራቸው ይሄ ነው። ማንዋሉ የሚለውን ግፊት (ብዙውን ጊዜ ወደ 6 ባር) ሥራ መሃል ላይ አንብቡ። ሲጀመር ብቻ ማየት አይጠቅምም።

ሸዋ ሮቢት ላላችሁ ከፍታው ብዙም አያሳስብም። የእናንተ ጣጣ ሙቀት ነው፤ ደረጃ 5ን ሁለት ጊዜ አንብቡ።

ሶስት ፌዝ ከሆነ በፌዞቹ መካከል ያለውን ቮልት ለኩ። ከ380 ቮልት ከ10 በመቶ በላይ ከራቀ ማሽኑን አታስነሱ። ጄኔሬተር ስትቀያይሩ ደግሞ የፌዝ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል። ቤልቱ ወደ ኋላ ሲሄድ ሰንሰለቱ ተመልሶ ምላጩ ላይ ይከማቻል። የፌዝ መቆጣጠሪያ ሪሌይ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ አንዱ ፌዝ ሲጠፋም ሞተሩን ከመቃጠል ያድነዋል። መሬት (ኧርዝ) የሌለው ማሽን እርጥብ ክፍል ውስጥ አይሠራም። በዚህ ድርድር የለም።

ደረጃ 2፦ ማሽኑን ባዶውን አስኪዱት

ጠዋት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያለ ቋሊማ አዙሩት። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ሲጥል ግሪሱ ጠጥሮ ያድራል፣ ቤልቱም ይደርቃል። ቀዝቃዛ ቤልት መጀመሪያ ላይ ቀርፈፍ ብሎ ኋላ ላይ ይፈጥናል፤ ጠዋት ያስተካከላችሁት ከረፋዱ በኋላ ይዛባል። ኮምፕሬሰሩ ውጭ ከሆነ ማታ ውሃውን አፍስሱት፤ ማጣሪያው ውስጥ ያደረ ውሃ በውርጭ ይረጋና አየሩን ይዘጋል።

ድምፁን አዳምጡ። የሚንሿሿ ኩሽኔታ ካለ አሁኑኑ ቀይሩት።

ደረጃ 3፦ አንጀቱን በውፍረት ለዩ

የበግ አንጀት የምትጠቀሙ ከሆነ ይህን ደረጃ መዝለል አትችሉም። ከአካባቢው በግ በእጅ የተጠረገ አንጀት ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ውፍረቱ ይለያያል። ማሽኑ ግን ለአንድ ውፍረት ነው የሚስተካከለው። አንዱ ሰንሰለት 18፣ ሌላው 24 ሚሊሜትር ከሆነ ቀጭኑ ቤልቱ ውስጥ ይንሸራተታል፣ ወፍራሙ ይጨፈለቃል።

ጨው ያለውን አንጀት እጠቡ፣ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ዘፍዝፉ፣ ውስጡን በውሃ አሳልፉ። ውሃ ሲሞላው ውፍረቱን ለኩና በየ2 ሚሊሜትሩ ለዩት፦ 18–20፣ 20–22፣ 22–24። የተቀደደውን በዚሁ አጋጣሚ ታገኙታላችሁ። ኮላጅን የምትጠቀሙ ውፍረቱ ከፋብሪካ አንድ ዓይነት ሆኖ ስለሚመጣ እለፉት።

ደረጃ 4፦ አሞላልና ጥምዝ

ሥራው በሙሉ እዚህ ነው ያለው። ጥያቄ ከሚልኩልኝ ውስጥ አብዛኞቹ ችግራቸው የተፈጠረው እዚህ ነው፣ የታየው ግን ማሽኑ ላይ ነው።

ሀ. አንጀቱን አታጨናንቁ። የተሞላውን በሁለት ጣት ጫን በሉት፤ ሥጋው ወደ ግራና ቀኝ ሸሽቶ ጣቶቻችሁ ሊገናኙ ሲደርሱ ልክ ነው። እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ለጥምዝ የሚሆን ትርፍ አንጀት የለም ማለት ነው።

ለ. አየር አታስገቡ። ፍሬው ውስጥ አየር ካለ እዚያ ቦታ ላይ ሰርጎድ ይላል። የብርሃን ሴንሰር ሰርጓዳውን ጥምዝ መስሎት መሃል ለመሃል ያስቆርጣል። ሥጋውን መሙያው ውስጥ ስትከቱ ጠቅጥቁት።

ሐ. ከ3 እስከ 5 ዙር ጠምዝዙ። በ1 ወይም በ2 ዙር ያበቃ ጥምዝ ቤልቱ ሲይዘው ይፈታል። ከመጠን ካለፈም አንጀቱ ይበጠሳል።

መ. በእጅ የምትጠመዝዙ ከሆነ አንዱን ፍሬ ወደፊት፣ ቀጣዩን ወደ ኋላ አዙሩ። ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ ካዞራችሁ ሁለተኛውን ስትጠመዝዙ የመጀመሪያው ይፈታል።

ሠ. የጥምዙን ርዝመት ለኩ። 5 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ይሁን። ለምን? ምላጩ ራሱ 1 ሚሊሜትር ገደማ ቦታ ይፈልጋል። ማሽኑ ወዲህም ወዲያም 2 ሚሊሜትር ቢስት 4 ይሆናል። ድምሩ 5 ነው። ጥምዛችሁ 3 ሚሊሜትር ከሆነ ማሽኑ ሳያጠፋ ሥጋ ይቆርጣል። ባለ ሁለት ምላጭ ከሆነ በምላጮቹ መካከል ያለውን ርቀት ጨምሩበት።

ጥሩ ጥምዝ ቀረብ ብላችሁ ስታዩት እንደ ተፈተለ ጥጥ ነው፦ ቀጭን፣ ነጣ ያለ፣ ዙሮቹ የሚታዩ። ውስጡ ቀይ ነገር ከታየ ሥጋ አብሮ ተጠምዝዟል። ያ ሥጋ ሲቆረጥ ጫፉ ተከፍቶ ይቀራል። ከመጠምዘዛችሁ በፊት ቦታውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጨመቅ አድርጋችሁ ሥጋውን ወደ ሁለቱም ወገን አሽሹት።

ደረጃ 5፦ አሳርፉ፣ አቀዝቅዙ፣ አድርቁ

ጥሬ ቋሊማ ከሆነ ሰንሰለቱን ሰቅላችሁ ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ባለው ክፍል ውስጥ ይደር። ፍሬዎቹ እርስ በርስ አይነካኩ። የሚቀቀል ከሆነ መሃሉ ቢያንስ 72 ዲግሪ እስኪደርስ አብስሉት፣ ቀዝቃዛ ውሃ አርከፍክፉበት፣ ከዚያ ከ4 ዲግሪ በታች እስኪወርድ አቀዝቅዙት። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ቋሊማ ከ75 እስከ 80 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ስለሚበስል ችግር የለውም። ግን መፍላቱን አይታችሁ አትመኑ፤ ቴርሞሜትሩን ፍሬው መሃል ሰክታችሁ አንብቡ።

ማቀዝቀዝ ያስፈለገው ስቡ እንዲረጋ ነው። የረጋ ፍሬ ቤልቱ ሲይዘው ቅርጹን አይለቅም። ለብ ያለ ፍሬ ይለጠጣል፣ ርዝመቱ ይለዋወጣል፣ ጥምዙም ወዳልታሰበበት ይሸሻል። መድረቅ ያስፈለገው ደግሞ ለጥምዙ ነው። የደረቀ ጥምዝ ተጣብቆ ስለሚቀር ተቆርጦም አይፈታም። እርጥቡ ወዲያው ይከፈታል።

ቋሊማው ከቀዝቃዛው ክፍል ወጥቶ ሞቅ ያለ ክፍል ሲገባ ያልበዋል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ይብሳል። ላቡ ቤልቱን ያንሸራትታል፣ የሴንሰሩን መስታወትም ያደበዝዛል። መፍትሔው ማሽኑ ያለበትን ክፍል ማቀዝቀዝ ነው። ካልተቻለ በአንድ ጊዜ ብዙ አታውጡ፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ የሚያልቀውን ያህል ብቻ። ሸዋ ሮቢት ከሆናችሁ ይህ ምርጫ አይደለም፣ ግዴታ ነው።

ደረጃ 6፦ የቤልቱን ክፍተት አስተካክሉ

አምስት ስድስት ፍሬ በካሊፐር ለኩና መሃከለኛውን ውሰዱ። የቤልቶቹን ክፍተት ከዚያ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር አሳንሱ። ማንዋሉ ሌላ ካለ ማንዋሉን ስሙ። ከዚያ ማሽኑን አቁማችሁ ሰንሰለቱን በእጅ ሳብ አድርጉት። ያለ ምንም ትግል ከወጣ ልል ነው። ሲወጣ ፍሬው ላይ የቤልት አሻራ ከቀረ ጠብቋል።

ደረጃ 7፦ ሴንሰሩንና የምላጩን ሰዓት አስተካክሉ

ሴንሰሩን በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። ትንሽ የስብ ጠብታ እንኳ ብርሃኑን ይጋርዳል። አንድ ፍሬ አስገቡ፣ መብራቱ «አለ» ማለቱን እዩ። ጥምዙን አምጡ፣ «የለም» ማለቱን እዩ። ሁለቱንም በግልጽ እስኪለይ ንቃቱን ከፍ ዝቅ አድርጉ።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ከሴንሰሩ እስከ ምላጩ 60 ሚሊሜትር ነው እንበል። ቤልቱ በሰከንድ 300 ሚሊሜትር ይሄዳል። ጥምዙ ምላጩ ጋር የሚደርሰው ከ0.2 ሰከንድ በኋላ ነው ማለት ነው። መቆጣጠሪያው ላይ የምትሞሉት ይህን ነው። ፍጥነቱን ወደ 600 አሳድጋችሁ ሰዓቱን 0.2 ላይ ከተዋችሁት ጥምዙ ምላጩን 60 ሚሊሜትር አልፎ ሄዷል፤ ምላጩ ያረፈው የኋለኛው ፍሬ ላይ ነው። «ፍጥነት ስንጨምር ያበላሻል» የሚባለው ይሄ ነው።

ኢንኮደር (የቤልቱን ጉዞ የሚለካ መሣሪያ) ያለው ማሽን ርቀቱን ራሱ ስለሚቆጥር ይህን ያስተካክላል። ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ምላጩ ከታዘዘ በኋላ እስኪወርድ 0.01 ሰከንድ ቢፈጅ በ300 ፍጥነት 3 ሚሊሜትር፣ በ600 ደግሞ 6 ሚሊሜትር ያመልጣል። ጥምዛችሁ 5 ሚሊሜትር መሆኑን አትርሱ። ስለዚህ የትኛውም ማሽን ቢሆን ፍጥነት ሲቀየር ሰዓቱን እንደገና ማየት ግድ ነው።

ብዙ ማሽኖች ላይ «ዝቅተኛ የፍሬ ርዝመት» የሚሞላበት ቦታ አለ። ፍሬያችሁ 120 ሚሊሜትር ከሆነ 80 ላይ አድርጉት። ማሽኑ ከአንዱ ቁርጥ በኋላ 80 ሚሊሜትር እስኪያልፍ ሌላ ጥምዝ አይቀበልም። ሰርጓዳ ፍሬ መሃል እንዳይቆረጥ የሚያደርገው ይህ ነው።

ደረጃ 8፦ አንድ ሰንሰለት በዝግታ ሞክሩ

በዝቅተኛው ፍጥነት አንድ ሰንሰለት አሳልፉ። የተቆረጡትን በወጡበት ቅደም ተከተል ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። አትቀላቅሉ፤ ቅደም ተከተሉ ነው የሚናገረው።

ሁሉም በተመሳሳይ አቅጣጫና በተመሳሳይ ርቀት ከሳቱ ጥፋቱ የሰዓቱ ነው። የሳተውን ርቀት ለኩና ሰዓቱን አስተካክሉ፣ አለቀ። አንዱ ወደፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ፣ ሶስተኛው ልክ ከሆነ ግን ሰዓቱን አትንኩት። ያ የላላ ጥምዝ፣ የሚንሸራተት ቤልት ወይም ያልተለየ አንጀት ነው፤ ወደ ደረጃ 3፣ 4 ወይም 6 ተመለሱ። መጀመሪያ ጥሩ ሆኖ ቀስ በቀስ እየራቀ ከሄደ ቤልቱ እየረጠበ ወይም ቋሊማው እየሞቀ ነው።

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ወስዳችሁ ብትሄዱ ይህቺ ትሁን። ምላጭ በከንቱ ከመግዛት ታድናችኋለች።

ደረጃ 9፦ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ጨምሩ

በትንሽ በትንሹ ጨምሩ፣ በየመሃሉ አንድ ሰንሰለት ደርድራችሁ እዩ። ስህተት የታየበት ላይ ስትደርሱ አንድ ደረጃ ዝቅ በሉና ደብተራችሁ ላይ ጻፉት፦ ውፍረት፣ ክፍተት፣ ፍጥነት፣ ሰዓት። የሚያዋጣው ፍጥነት ብልሽት የሌለበት ነው። የተቆረጠ ፍሬ ተመልሶ አይሰፋም።

ደረጃ 10፦ እየሠራችሁ የምታዩት

በየግማሽ ሰዓቱ ማሽኑን አቁሙና ምላጩን በመብራት እዩ። ጠርዙ የተሸረፈ ከሆነ ሥራ ይቁም። ከመጨረሻው ፍተሻ ወዲህ የተቆረጠውን ቋሊማ በሙሉ ለብቻ አስቀምጡና ስባሪውን ፈልጉ። ስባሪው ካልተገኘና ብረት የሚለይ መሣሪያ ከሌላችሁ ያ ቋሊማ አይሸጥም። ምላጮችን ቆጥራችሁ ማውጣትና ቆጥራችሁ መመለስ ለዚህ ነው።

ጫፉንም እዩ። ንጹሕ ቁርጥ ጫፉ የተዘጋና ለስላሳ ነው። ክር ክር ያለ ከሆነ ምላጩ ደንዟል። የምላጭ ነገር የሚመጣው አሁን ነው።

ደረጃ 11፦ ጽዳት

ብሬከሩን ቆልፉ፣ አየሩን አስተንፍሱ፣ ጓንት አድርጋችሁ ምላጩን አንሱ። ከዚያ፦

1. ፍርፋሪውን በደረቁ ልቀሙ። ውሃ ከቀደመ ፍርፋሪው ስንጥቅ ውስጥ ይገባል።
2. በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ አለቅልቁ። በሙቅ ውሃ አትጀምሩ፤ ሙቀት የሥጋውን ደም ብረቱ ላይ ያደርቀዋል።
3. ከ45 እስከ 50 ዲግሪ በሆነ ውሃና በሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ እሹት። ስቡ የሚለቀው አሁን ነው። የቤልቱን የውስጥ ገጽ አትርሱ።
4. አለቅልቁ።
5. በበረኪና አጽዱ። ዕቃው ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ ለ20 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 80 ሚሊ ሊትር ይበቃል። በሊትር 200 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይሰጣችኋል። ሁለት ሶስት ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ አታብዙት፤ ክሎሪን የማይዝገውንም ብረት ይበላል።
6. በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ፣ በአየር ይድረቅ።

በረኪናን ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። በግፊት የሚረጭ ውሃ ደግሞ ኩሽኔታው፣ ሴንሰሩና የኮረንቲ ሳጥኑ ላይ አታነጣጥሩ።

የተለመዱ ስህተቶች

*ሁለት ፍሬ ሳይለያይ ይወጣል።* ሴንሰሩ ቆሽሿል ወይም ጥምዙ ውስጥ ሥጋ አለ። ዝቅተኛው ርዝመት ከፍሬው ርዝመት በላይ ተሞልቶም ሊሆን ይችላል።

*ፍሬው ቤልቱ ውስጥ ይፈነዳል።* ክፍተቱ ጠቧል ወይም ቋሊማው ሞቋል። ሰዎች የአንጀቱ ጥራት ነው ይላሉ። መጀመሪያ ቴርሞሜትሩን ሰክታችሁ እዩ።

*ጫፉ ከተቆረጠ በኋላ ይከፈታል።* አልደረቀም ወይም ዙሩ አንሷል።

*ጭራው ረዝሟል።* ጥምዙ ከሚያስፈልገው በላይ ረጅም ነው። ከ8 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ አሳጥሩት እንጂ ጭራውን በመቀስ ለመከርከም ሰው አትመድቡ።

*ምላጩ ከተቀየረ በኋላ ባሰበት።* አዲሱ ምላጭ በውፍረት ወይም በአቀማመጥ ይለያል። ምላጭ በተቀየረ ቁጥር ደረጃ 8ን ድገሙ።

ለጾም ወራት ማሽኑን ማሳረፍ

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሥጋ የሚገዛ ስለሚቀንስ ብዙ ቤት ማሽኑን አጥፍቶ ይተዋል። ብዙ ማሽን የሚበላሸው በዚህ ጊዜ ነው፤ ሥራ ሲበዛበት አይደለም።

ደረጃ 11ን ጨርሳችሁ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ቤልቶቹን አላሏቸው፤ ተወጥሮ የከረመ ቤልት መልሶ ርዝመቱን አያገኝም። ምላጩን በኤች 1 ዘይት ቀብታችሁ፣ በወረቀት ጠቅልላችሁ ለብቻ አስቀምጡ። ኩሽኔታውን ግሪስ አጠጡ። የኮምፕሬሰሩን ውሃ አፍስሱ። ሶኬቱን ንቀሉ። ማሽኑን በጨርቅ ሸፍኑት እንጂ በፕላስቲክ አትጠቅልሉት። ደብረ ብርሃን ቀንና ሌሊቱ በሙቀት በጣም ስለሚለያይ በፕላስቲኩ ውስጥ ጤዛ ይቋጠራል፣ ብረቱን ያዝገዋል።

ለፋሲካ ሥራ ከመጀመራችሁ ሶስት አራት ቀን በፊት ክፈቱት። የቀባችሁትን ዘይት እጠቡ፣ በረኪናውን ድገሙ፣ ቤልቱን ወጥሩ፣ ቮልቱንና የፌዙን ቅደም ተከተል ለኩ። ባዶውን ሩብ ሰዓት አዙሩት። ከዚያ ከደብተራችሁ የመጨረሻውን ልክ ሞልታችሁ አንድ አጭር ሰንሰለት በዝግታ አሳልፉና ጠረጴዛው ላይ ደርድሩ። የሚቀየር ዕቃ ካለ ከአዲስ አበባ ለማስመጣት ጊዜ የሚኖራችሁ ያኔ ነው።